አሰሩ የት ገባ? የጭማቂ ልማድና የስኳር በሽታ በአፉላ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በእስራኤሏ አፉላ ውስጥ ወደ ኢትዮጵያውያን ቤት የገባ ሰው፣ ከእንጀራ ምጣዱና ከረከቦቱ ጎን አንድ አዲስ ዕቃ ማየቱ አይቀርም፤ ብሌንደር ወይም የጭማቂ ማሽን። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዙት ልጆች ናቸው። እናት ስኳር አለብሽ ተብላ ከኩፓት ሆሊም፣ ከጤና መድኅኑ ክሊኒክ፣ ወረቀት ይዛ ስትመለስ ዕብራይስጡን የምታነብላት ልጇ ናት። ልጅቱም ወረቀቱን ካነበበች በኋላ ስልኳን ትከፍትና ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ፖምና ዝንጅብል አንድ ላይ ተጨምቀው ሲጠጡ ስኳር ያወርዳሉ፣ ጉበት ያጥባሉ የሚል ቪዲዮ ታገኛለች። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ ቤት ይገባል። "እማዬ፣ ኮካውን ተይው፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሄን ነው የምትጠጪው" ትላለች። እናትም ልጇ ያመጣችላትን እንደ መድኃኒት ቆጥራ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ብርጭቆ ሙሉ ትጠጣለች።

ፍቅር ያለበት ነገር ስለሆነ ለመንቀፍ ይከብዳል። እኔ ግን ልማዱ አሁን ባለው መልኩ ከቀጠለ ለማኅበረሰባችን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጭማቂ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። የሚያሳስበኝ አገባቡ ነው። ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ጥሩ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ይቀንሳል፣ ሐኪም ፊት ሲጠየቅም ያፍራል። ጭማቂ ግን በጤና ስም ስለገባ ልክ የለውም። ነርሷ አትጠይቅም፣ ጠጪዋም አትናገርም። "ለስላሳ ትጠጫለሽ?" ስትባል "ኧረ ትቻለሁ" ብላ በቅንነት የምትመልስ እናት፣ በየቀኑ የአራት የአምስት ብርቱካን ስኳር በአንድ ትንፋሽ እንደምትወስድ መዝገቧ ላይ አይሰፍርም። በሦስት ወሩ ምርመራ ስኳሯ ከፍ ብሎ ሲገኝም ጥፋቱ ወደ እንጀራው ይላከካል፤ ወይም መድኃኒቱ ይጨመርላታል።

ለእኛ ይህ ጉዳይ ለሌላው የአገሩ ነዋሪ ካለው ክብደት የበለጠ አለው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚሆኑ ሰዎች፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች እስራኤል ገቡ። ዛሬ ማኅበረሰቡ ከ160,000 በላይ ነው፤ በኢይዝራኤል ሸለቆ መካከል ያለችው አፉላም ብዙዎች ኑሯቸውን ከመሠረቱባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከወገራ፣ ከስሜንና ከደምቢያ የመጡት አባቶችና እናቶች ያደጉት በጤፍ፣ በገብስ፣ በዳጉሳ፣ በሽሮና በጎመን ነው። ውሃው ከምንጭ በእንስራ በጀርባ ይመጣ ነበር፤ ገበያው የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ፍራፍሬ ሲገኝ በወቅቱ ይበላል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይረሳል። ሜርካዝ ክሊታ፣ የስደተኞች መቀበያ ማዕከል፣ ሲገቡ ነጭ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ሲያደርጉት የሚቀላው ጣፋጭ ፔቴል ጠበቃቸው። የእግር መንገዱም በአውቶቡስ ተተካ።

ሰውነት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መሸከም አልቻለም። ሐኪሞች ነገሩን ያስተዋሉት ቶሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዳያቢቲስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በወጣት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ዘንድ ስኳር በሽታ ከሚጠበቀው በላይ መብዛቱን አሳወቀ፤ ከ30 ዓመት በታች ከነበሩት ከመቶው ወደ ዘጠኝ የሚጠጉት ታመው ተገኙ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2016፣ በሐደራው የሂሌል ያፌ ሕክምና ማዕከል የሆርሞን ሐኪም ዶክተር አናት ያፌና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሰፊ ጥናት ሌላ አሳሳቢ ነገር ጨመረ። ኢትዮጵያውያን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በስኳር የሚያዙት ገና ክብደታቸው ሳይጨምር ነው። ቀጭን ነኝ፣ አያገኘኝም የሚለው መጽናኛ ለእኛ አይሠራም ማለት ነው። የኛ አካል ለፈጣን ስኳር ያለው ትዕግሥት አነስተኛ ከሆነ፣ ስኳሩ የመጣው ከለስላሳ ጠርሙስ ይሁን ከብርቱካን ዛፍ ለቆሽታችን ያን ያህል ለውጥ የለውም።

ወደ ጭማቂው እንመለስ። መንገድ ዳር ያለ የጭማቂ መደብር ፊት ቆሞ የሻጩን እጅ ማየት ብዙ ያስተምራል። አራት ወይም አምስት ብርቱካን ለሁለት ለሁለት ይገመሳል። እያንዳንዱ ግማሽ በብረቱ ጉልላት ላይ ይደፋል፣ እጀታው ወደ ታች ይጫናል፣ ጭማቂው ሲወርድ ልጣጩ ከነነጭ ሽፋኑ፣ ከነክሩ፣ ጠፍጥፎ ባልዲ ውስጥ ይወረወራል። ካሮት የታዘዘ እንደሆነ ማሽኑ ያጓራና በአንድ በኩል ብርቱካንማ ውሃ፣ በሌላ በኩል እርጥብ ገለባ ይተፋል። ደንበኛው ብርጭቆውን ይዞ ይሄዳል፤ ባልዲው ደግሞ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። አሰሩ፣ ፋይበር የሚባለው፣ ያለው እዚያ ባልዲ ውስጥ ነው።

ቁጥሩን እናስላ። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 12 ግራም ገደማ ስኳርና 3 ግራም አሰር አለው። የብርቱካን ጭማቂ በ100 ሚሊ ሊትር ከ8 እስከ 9 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ስለዚህ በ400 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ከ32 ግራም በላይ እንጠጣለን፣ አሰሩም ከሞላ ጎደል ቀርቷል። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ፣ 35 ግራም ስኳር አለው። የሮማን ጭማቂ ደግሞ ይብሳል። በመኸሩ በዓላት ሰሞን ሁሉም የሚሽቀዳደምለት ያ ደም የመሰለ ጭማቂ በ100 ሚሊ ሊትር ከ12 ግራም በላይ ስኳር ስላለው በልኬት ከኮካ ኮላ ይበልጣል። ጭማቂ ቫይታሚን ሲ፣ ፖታሲየምና ሌሎች ጠቃሚ ነገሮች እንዳሉት አልክድም፤ ለስላሳ ይህ የለውም። ነገር ግን ቫይታሚን ሲ ፈልጎ የሚጠጣ ሰው አንዷን ብርቱካን ልጦ ቢበላ የቀኑን ፍላጎቱን ከሞላ ጎደል ያገኛል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የፍራፍሬ ጭማቂን ስኳር ከማርና ከሽሮፕ ጋር በአንድ መደብ አስቀምጦ፣ በቀን ከምንወስደው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። 5 በመቶ ማለት ለአንድ አዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው። ያ አንድ ብርጭቆ የቀኑን ድርሻ ጨርሶታል።

አሰሩ መቅረቱ ምን ያመጣል? በእንግሊዝ ብሪስቶል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ላንሴት መጽሔት ላይ ያወጡትን ቀላል ሙከራ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ለ10 ጤነኛ ሰዎች ፖም በሦስት መልክ ሰጧቸው፤ ሙሉውን፣ የተፈጨውን፣ ጭማቂውን ብቻ። በሦስቱም ውስጥ ያለው ኃይል ሰጪ መጠን እኩል ነበር። ጭማቂው ከሙሉ ፖም 11 ጊዜ፣ ከተፈጨው 4 ጊዜ ፈጥኖ ተጠጥቶ አለቀ። በእኩል ፍጥነት እንዲወሰድ ሲደረግ እንኳ ጭማቂው ከተፈጨው ያነሰ፣ የተፈጨውም ከሙሉው ያነሰ አጠገበ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በሦስቱም በተመሳሳይ ልክ ወጣ፤ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከጭማቂው በኋላ ኢንሱሊኑ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ስኳሩም ተመልሶ በኃይል ወደቀ፤ ሙሉ ፖም የበሉት ላይ ይህ ውድቀት አልታየም። ስኳሩ የወደቀበት ሰው ደግሞ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ እንደገና ጣፋጭ ያምረዋል። እነዚያ ሰዎች ጤነኞች ነበሩ፤ ቆሽታቸው ኢንሱሊን አውጥቶ ስኳሩን መመለስ ችሏል። የደከመ ቆሽት ያለበት ሰው ይህን ማድረግ ይሳነዋል።

ሰፋ ባለ መጠን የተደረገ ጥናትም አለ። በአሜሪካ ከ187,000 በላይ የጤና ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣው ጥናት፣ ሙሉ ፍራፍሬ፣ በተለይ ሰማያዊ እንጆሪ፣ ወይንና ፖም የሚያዘወትሩ ሰዎች በዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ፣ ጭማቂ የሚያዘወትሩት ደግሞ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ዓይነቱ ጥናት መንስኤን በቀጥታ አያረጋግጥም፤ ሆኖም ከብሪስቶሉ ሙከራ ጋር አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ግን ማንኛውም የስኳር ክሊኒክ የሚያስተምረው የድንገተኛ እርዳታ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ድንገት ሲወርድ፣ ላብ ሲያጠምቀውና እጁ ሲንቀጠቀጥ ምን ይሰጠዋል? ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ። 15 ግራም ያህል ስኳር በደቂቃዎች ውስጥ ደም ውስጥ የሚያደርስ፣ በየቤቱ የሚገኝ ነገር ስለሆነ ነው። ሐኪሞች ጭማቂን የሚያዝዙት ስኳርን በፍጥነት ለማውጣት ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ያው ጭማቂ፣ ያውም በእጥፍ በሦስት እጥፍ፣ ስኳር እንዲያወርድ ይጠጣል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ለወላጆቻችን ብናስረዳ የቀረውን ራሳቸው ይረዱታል።

ለምን በቀላሉ አመንነው? አንዱ ምክንያት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የመታጠብ ሐሳብ ነው ብዬ እገምታለሁ። ኮሶ የጠጣ ትውልድ ነው። በየወሩ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥቶ፣ ሆዱን ጠርጎ፣ ቀለል ብሎት የሚውል ሰው፣ "ዲቶክስ" ሲባል አዲስ ነገር አልሆነበትም፤ ያው ማጠቢያው፣ ያውም ሳይመር፣ ጣፍጦ መጣለት። ነገር ግን ኮሶ የሚያስወጣው ነገር ነበረው። በጥሬ ሥጋ የሚገባውን የኮሶ ትል በእርግጥ ይገድል ነበር፤ ለዚህም ነው አውሮፓውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መድኃኒት መዝገባቸው ያስገቡት። የጭማቂው እጥበት ግን የሚያወጣው ትል የለም። ደምን የሚያጠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሌት ተቀን ያለ ጭማቂ ይሠሩታል። ስኳር በሽታ ኩላሊትን እንደሚጎዳ ከታሰበ ደግሞ፣ ኩላሊቴን ላጥብ ብሎ ስኳር መጠጣት ተቃራኒ ውጤት ያለው ሥራ ነው።

ወሬው ከውጭም ተገፍቶ የመጣ ነው። ጥሬ ጭማቂ በሽታን ሁሉ ይፈውሳል የሚለው ስብከት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ማሽን ከመሸጥ ጋር አብሮ ሄዷል፤ በ2010 የወጣው አንድ ሰው 60 ቀን ጭማቂ ብቻ ጠጥቶ የሚከሳበት ዘጋቢ ፊልም ደግሞ በዓለም ዙሪያ አናፈሰው። ሰው 60 ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ቢቆይ መክሳቱ አያስገርምም።

በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ጁስ ቤት የተቀመጠ ሰው ሌላ መልኩን ያውቀዋል። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና ዘይቱን በየቀለማቸው ተደርድረው የሚቀርቡበት ስፕሪስ በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ነገር ነው፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ቪምቶ ይፈስበታል። በጾም ወቅት ብዙ ሰው ምሳውን የሚተካው በእሱ ነው። አሰሩ አለበት፣ የአቮካዶው ቅባትም ስኳሩን ያዘገያል፤ ስለዚህ ከተጠለለው ብርቱካን ይሻላል። ጥፋቱ የሚመጣው ከላይ ከሚጨመረው ስኳርና ሽሮፕ ነው፤ ከአገር ቤት ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ይህን ልማድ ይዘው የሚመጡም አሉ። አፉላ ላይ ቪምቶው በሲላን ይተካል። ከቤት ሸዓን ሸለቆ የሚመጣው ተምር ሲጨመቅ የሚገኘው ሲላን "የተፈጥሮ ነው" እየተባለ በማንኪያ በማንኪያ ብሌንደር ውስጥ ይገባል። ሲላን ከማር የማይተናነስ ስኳር ነው። ተምሩን ራሱን፣ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ ቢያኝኩት ይሻላል።

እዚህ ላይ ብሌንደርንና ጁሰርን አንድ ላይ መኮነን ፍትሐዊ አይሆንም። ጁሰር አሰሩን ይጥላል፤ ብሌንደር ይፈጨዋል እንጂ አያወጣውም። እንዲያውም ዘር ያላቸው እንጆሪዎች ከነዘራቸው ሲፈጩ የደም ስኳር ከሙሉው ፍራፍሬ ያልበለጠ፣ አንዳንዴም ያነሰ እንደሚሆን ያሳዩ አነስተኛ ሙከራዎች አሉ። ካሮት ሲፈጭና ጠብታ ዘይት ሲያገኝ ሰውነት ከውስጡ ቤታ ካሮቲኑን የበለጠ ይወስዳል። ጥርስ ለሌላቸው አዛውንቶች፣ ማኘክ ለሚቸግራቸው፣ ጎመንና ቆስጣ ጉሮሯቸው ላይ ለሚቀርባቸው ብሌንደር እውነተኛ ባለውለታ ነው። ሁሉም የሚወሰነው ምን እንደገባበትና ስንት እንደተጠጣ ነው። አንድ ሙዝ፣ አንድ ማንጎ፣ አንድ ፖም፣ ግማሽ ብርጭቆ ብርቱካን ጭማቂና አንድ ማንኪያ ሲላን አንድ ላይ ቢፈጩ በሁለት ደቂቃ ተጠጥቶ የሚያልቅ የሦስት አራት ሰው ድርሻ ነው። ይህን ሁሉ ፍራፍሬ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው የለም።

የሚያስቆጨኝ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የሚጠጣ ነገር በእጃችን መኖሩ ነው። እናቶቻችን የሚያውቁት "ጭማቂ" ከፍራፍሬ ሳይሆን ከቅባት እህል የሚወጣው ነበር። ተልባ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ፣ በውሃ ተመትቶ ይጠጣል። ሱፍ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ይጠለላል። አብሽ ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል። 100 ግራም ተልባ ውስጥ 27 ግራም ያህል አሰር አለ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያዝለገልገው ይኸው አሰር ነው። ያ ዝልግልግ ነገር የምግብን ጉዞ ያዘገያል፣ ሆድን ያለሰልሳል። አብሽ ስኳር ላይ ያለው ውጤት በተለይ ሕንድ ውስጥ በትናንሽ ሙከራዎች ተፈትኖ ተስፋ ሰጪ ሆኖ ቢገኝም መድኃኒትን አይተካም፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አብዝቶ ሊወስደውም አይገባም። ብሌንደሩ ተልባውን ያለ ማር፣ ወይም ኪያርና ቆስጣውን ከሎሚ ጋር ቢመታበት ቤት ውስጥ ከገባበት ዓላማ ጋር ይስማማል። በገበያዋ በየከረጢቱ የሱፍ አበባ ፍሬ ስትሸጥ በኖረችው አፉላ ለሱፍ መቸገር የለብንም፤ ጨው የሌለበትን መምረጥ ብቻ ነው።

ሌላ ችላ የተባለ ጉዳይ መድኃኒት ነው። ስኳር ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒትም ይወስዳል። በዕብራይስጥ እሽኮሊት የሚባለው ግሬፕፍሩት አንጀት ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በዚህም እንደ ሲምቫስታቲን ያሉ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችና ፌሎዲፒንን የመሳሰሉ የግፊት መድኃኒቶች በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ይከማቻሉ። አንድ ብርጭቆ ብቻ በቂ ነው፤ ውጤቱም ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በድንገት ብዙ ቆስጣና ጎመን መጠጣት ቢጀምር የመድኃኒቱ ልክ ይዛባል፤ ምክንያቱ ቅጠሎቹ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በአንድ ብርጭቆ የሚከማቸው ፖታሲየም ልቡን ሊጎዳው ይችላል። በጥሬ ቆስጣና በቀይ ሥር ውስጥ ያለው ኦክሳሌት በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ ኩላሊት እንደጎዳም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል። ቀይ ሥር ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ እውነት ነው፤ ግን ለዚያ ብሎ የግፊት ክኒን ያቋረጠ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። እነዚህን ሁሉ ፋርማሲስቱ ሊነግረን የሚችለው ምን እንደምንጠጣ ካወቀ ነው።

የእስራኤል መንግሥት የስኳር ፍጆታን ለመቀነስ ያደረገው ሙከራ እጃችን ላይ ያለውን ብርጭቆ አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ስኳር፣ ጨውና ጮማ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ምልክት እንዲለጠፍ ተደንግጓል። ፊደል ለማያነቡ አዛውንቶቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቀዩን ክብ ማየት ብቻ ይበቃቸዋል። ግን ምልክቱ የሚለጠፈው በታሸገው ላይ ነው። መንገድ ዳር ተጨምቆ በብርጭቆ የሚሰጠው፣ ቤት ውስጥ የሚፈጨው፣ ምንም ምልክት የለበትም። ምልክት የሌለበት ነገር ደግሞ ምንም የሌለበት ይመስላል። በጥር 2022 የጣፋጭ መጠጦች ታክስ ተጀምሮ ነበር፤ በ2023 በወቅቱ አዲስ የነበረው መንግሥት አነሳው። የጤና ባለሙያዎች ተቃውመዋል፣ አልተሰሙም። ታክሱ ለእኛ ይጠቅመን እንደነበር አልጠራጠርም፤ ስኳር በሽታ ከሌላው በላይ የሚያጠቃን እኛን ነውና።

ስለዚህ ሥራው ወደ ክሊኒኩና ወደ ቤት ይመለሳል። መንገዱ አዲስ አይደለም። ዶክተር አናት ያፌ እ.ኤ.አ. በ1998 ሐደራ ውስጥ ያቋቋሙት ጤነ ብሪኡት የተባለው ድርጅት ለኢትዮጵያውያን በአማርኛ ስለ ስኳር፣ ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ሲያስተምር ኖሯል፤ አስተማሪዎቹም ከማኅበረሰቡ የወጡ ናቸው። ክላሊት በተባለው የጤና መድኅን ክሊኒኮችም ሬፉአ ሽሌማ በተባለው ፕሮግራም በሐኪሙና በታካሚው መካከል ቋንቋና ባህል የሚያገናኙ ኢትዮጵያውያን ሠርተዋል። አፉላ ራሷ ከ1930 ጀምሮ ሐኤሜክ ሆስፒታልን የያዘች ከተማ ናት፤ ባለሙያ አላነሳትም። የጎደለው የምግብ አማካሪዋ የምትጠይቀው ጥያቄ ነው። "ለስላሳ ትጠጫለሽ?" ከሚለው ቀጥሎ "ቤት ውስጥ ምን ትጨምቂያለሽ? ስንት ፍሬ? በየትኛው ብርጭቆ?" መባል አለበት። ልኩም በሚሊ ሊትር ሳይሆን እኛ በምናውቀው ዕቃ ይነገር። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ለአዋቂ በቀን ከ150 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ወይም ስሙዚ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህ ሁለት የቡና ሲኒ ገደማ ነው። ሁለት ሲኒ ማለት ለማንኛዋም እናት ግልጽ ነው። ስኳር ላለባት ግን ከዚያም ያነሰ፣ ወይም ጭራሹን የሌለ ይሻላል።

ልጆችንም አንርሳ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭማቂ ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ላለው በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ መክሯል። ጡጦ ውስጥ ጭማቂ አድርጎ ሕፃን ማስተኛት፣ ጥርሱን ገና ብቅ ሲል ማበላሸት ነው። በእናቶቻችን ላይ የደረሰው በእነሱ እንዳይደገም መጠበቂያው ጊዜ አሁን ነው።

ለእናትህ ወይም ለአባትህ ብሌንደር የገዛህ ወንድሜ፣ የገዛሽ እህቴ፣ ዕቃውን መመለስ አያስፈልግም። ፍራፍሬውን ከማሽኑ አውጥታችሁ ሳህን ላይ አድርጉት፤ ይላጥ፣ ይገመስ፣ በጥርስ ይታኘክ። ማሽኑ ውስጥ ቅጠሉንና ተልባውን ክተቱበት። ኢንሱሊን የምትወጋ እናት ካለቻችሁ ደግሞ ስኳሯ ሲወርድ የምትጠጣው ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥላት፤ ቦታው እዚያ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮዋም አብራችኋት ሂዱ፤ ጠዋት ጠዋት የምትጠጣበትን ብርጭቆ ይዛችሁ ሂዱና የምግብ አማካሪዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ምን ምን እንደሚገባበትም አንድ በአንድ ንገሯት።